የተኩላ ካሳና የጭላዳ ዕዳ

ዕድሜ ለተሰጠው ሰው የማይታይ ነገር የለም። ሕዝብ ተሰልፎ ንጉሥ ሲያወርድ አይቻለሁ። ሕዝብ ለዳቦ ሲሰለፍ አይቻለሁ፤ እኔም ተሰልፌአለሁ። ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ተኩላ ሲያስመጣ ያየሁት ግን እዚህ ኮሎራዶ መጥቼ ነው። «ተኩላ ይምጣ ወይስ ይቅር?» ተብሎ በወረቀት ተጠየቀ፤ «ይምጣ!» ያለው በለጠ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ይኼኛው ጉድ መስከረምን አሳልፎ በጥቅምት መጣ።

ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እናገራለሁ፤ በእኛው ብናገር የልጅ ልጆቼ ተረት የማወራ ይመስላቸዋል። በ2020 ፕሬዚዳንት ሲመረጥ፣ ከእጩዎቹ ስም ሌላ ፕሮፖዚሽን 114 የሚባል ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ነበረ። ግራጫ ተኩላ እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ከተራሮቹ በስተ ምዕራብ ባለው ምድር ተመልሶ ይስፈር ወይ? ነው የሚለው። ኮሎራዶ ውስጥ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚመርጠው፤ ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል። ልጄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታስረዳን ጀመር።

«አባዬ፣ ተኩላ ይመለስ ወይ ነው የሚለው።»

«ማን አባሮት ነው የሚመለሰው?»

«እነሱው ናቸው ጨርሰውት የነበሩት።»

«ታዲያ ጨርሰው ከተገላገሉት ምን ጎደለባቸው?»

ባለቤቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና «አንቱ ደግሞ፤ እሱስ ነፍስ አይደለም?» ብላ «አዎ» የሚለውን አጠቆረች። እኔ በራሴ ወረቀት ላይ «አይሆንም» የሚለውን አጥብቄ አጠቆርሁ። ከአንድ ቤት አንድ አዎና አንድ አይሆንም ከወጣ ቤቱ እንዳልመረጠ ነው የሚቆጠረው። ሌላው ግን መርጧል። 51 በመቶ እንኳ ሳይሞላ፣ በ57 ሺህ ገደማ ድምፅ ብልጫ ተኩላው አሸነፈ።

ያናደደኝ መሸነፌ አይደለም። ማን እንዳሸነፈኝ ነው። ተኩላው የሚሰፍርበት የምዕራቡ ከብት አርቢ በአብዛኛው «አይሆንም» ብሎ ነበር። «አዎ» ያለው ዴንቨርና ቦልደር ያለው ከተሜ ነው፤ ድመቱን ሶፋ ላይ የሚያሳድር፣ ተኩላውን በቴሌቪዥን የሚያውቅ። በአገራችን ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው ኮሎራዶን አላየም። እዚህ አነጠፉለት፤ ያውም የጎረቤትን ቁርበት።

አመጣጡንስ ብትሉ! ኦሪገን ከሚባለው ግዛት በሄሊኮፕተር ተከታትለው በማደንዘዣ ወጉት። ክብደቱን መዘኑ፣ ጥርሱን አዩ፣ ደሙን ቀዱ፣ ከተቡት፣ የት እንዳለ በሳተላይት የሚናገር ማሰሪያ አንገቱ ላይ አሰሩለት። ከዚያ በአውሮፕላን አሳፈሩት። እኔ ጥርሴን ለማሳየት ቀጠሮ ስጠብቅ ወራት አልፈው፣ ጥርሱ ራሱ ተሰላችቶ ወልቆ ነበር። በታኅሣሥ 2023 የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ግራንድ ካውንቲ ውስጥ ሲለቀቁ የግዛቱ ገዥ ራሳቸው ቆመው አዩ። በዚያው ሳምንት አሥር ሞሉ። ቪዲዮውን ልጄ አሳይታኛለች፤ ሣጥኑ ተከፈተ፣ ወጣ፣ ሮጠ። ዞር ብሎ አንድም ሰው አላመሰገነም።

በጥር 2025 ደግሞ 15 ተኩላ ከካናዳ፣ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ መጣ። «የመጣህበት ጉዳይ ምንድን ነው? ስትጨርስ ትመለሳለህ ወይ? ባንክ ምን አለህ?» ያለው ሰው የለም። የእህቴ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ሲመላለስ ጫማ ጨርሶ ዛሬም ጎንደር ነው። ለተኩላው ግብዣው ከነመጓጓዣው ነው የተላከለት።

የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ወለዱ። ኮፐር ክሪክ የሚባል መንጋ ሆኑ። የሰውን ከብት ማጥቃት ጀመሩ። ተከሰሱ ልበል? ተያዙ፤ በ2024 በጋ መጨረሻ ከነልጆቻቸው ተለቅመው አጥር ውስጥ ገቡ። አባትየው እዚያው ሞተ። እናትየዋና አራቱ ግልገሎች በጥር ወር ከካናዳዎቹ እንግዶች ጋር ተለቀቁ። እንግዲህ እኔ ብዙ መንግሥት አይቻለሁ፤ ብዙ ምሕረትም ሰምቻለሁ። ሰርቆ ታስሮ፣ ቀለቡ ተችሎ፣ በሄደበት ሁሉ በሳተላይት የሚጠየቅለት እስረኛ ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ካሳው ልምጣ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ተኩላ የሰው ጥጃ ወይም በግ ከበላ ግዛቱ ለባለቤቱ እስከ 15 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ከብት የሚጠብቀው ውሻም ቢበላ እንዲሁ ነው። የቆሰለ ከሆነም የሐኪሙ ወጪ ይሸፈናል። ይኼ ብቻ ቢሆን እሰየው ብዬ ባለፍሁ። በ2025 መጀመሪያ ግራንድ ካውንቲ ላሉ ከብት አርቢዎች ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ጸደቀላቸው። አብዛኛው ገንዘብ ለተበላ ከብት መሰላችሁ? ላልተበላው ነው! ተኩላው ሲያንዣብብ ከርሞ ጥጆቹ ክብደት ሳይጨምሩ ቀሩ፣ ላሞቹም በጊዜያቸው አልያዙም ተብሎ ተሰላ። ባለሙያ ተቀምጦ በኪሎ ቀነሰው፣ በዋጋ አባዛው፣ ቼክ ተጻፈ። እረ በሞቴ! እኛ ዘንድ ማታ ማታ በረት ዙሪያ ጅብ ሳይጮህበት ያደገ ጥጃ የት አለ? ከሲታ ላም ስናይ «ዘሯ ነው» እንላለን እንጂ የድንጋጤ ሒሳብ መኖሩን ማን ነግሮን።

ደግሞም ተኩላ የገደለ እስከ 100 ሺህ ዶላር ቅጣትና እስራት ይጠብቀዋል፤ የአደን ፈቃዱንም ሊነጠቅ ይችላል። ከብት ሲያጠቃ እጅ ከፍንጅ የያዘው ባለ መሬት የሚተኩስበት ቀዳዳ ሕጉ ትቷል። ከዚያ ግን መርማሪ መጥቶ ከተኩላው ሬሳ ይልቅ የተኳሹን ቃል ሲያገላብጥ ይውላል። ስለዚህ አስተዋዩ ሰው ተኩላውን ማስፈራራት ይመርጣል። ገመድ ላይ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥለው መስኩን ይከቡታል፤ ሲውለበለብ ይፈራል አሉ። ሌሊት በፈረስ እየዞረ ከብት የሚጠብቅ ሰውም በደመወዝ ይቀጠራል፤ ሬንጅ ራይደር ይሉታል። በደመወዝ! ይህን ስሰማ የልጅ ልጄን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ የሥራ ልምዴን አስጻፍሁት። «ጥርሱን ሳይነቅል ጀምሮ እረኛ፤ ጅራፍና ወንጭፍ አዋቂ፤ ከጅብ፣ ከቀበሮና ከነብር ጋር የሥራ ግንኙነት የነበረው።» ልጁ ጻፈ ጻፈና «አያቴ፣ ምስክር የሚሆን ሰው ስም ይፈልጋሉ» አለኝ። የሚያውቁኝ ጅቦች ናቸው፤ እነሱም ሞተዋል።

እንዲያው ነገሩን ከሥሩ ካየነው ይህ ተኩላ የዚሁ አገር ተወላጅ ነበር። ያኔ ተኩላ የገደለ ሰው ገንዘብ ይሰጠው ነበር። በጥይት፣ በወጥመድ፣ በመርዝ ፈጁትና በ1940ዎቹ ኮሎራዶ ውስጥ አንድም ሳይቀር አለቀ። ያን ጊዜ ለገዳዩ ከፈሉ፤ ዛሬ ለመላሹ ይከፍላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ሌላ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚህ ውሻው ሲጮህ በጀት መያዙ ነው።

ተኩላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። በ1973 ዋሽንግተን ላይ በመጥፋት አደጋ ላይ ላሉ ዝርያዎች ትልቁ ሕግ ወጣ፤ ኮሎራዶም በዚያው ዓመት የራሷን ጨመረች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ያልተመዘገበ ፍጥረት ካለ እኔ ነኝ። አይጥ እንኳ ጠበቃ አለው! የፕሬብል ዘላይ አይጥ ይሉታል፤ ጅራቱ ከራሱ ቁመት ይበልጣል፤ ከምንኖርበት ከኦሮራ በላይ በተራራው ግርጌ ባሉ ወንዞች ዳር ይኖራል። ከመስከረም ወይ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ተኝቶ ይከርማል። ይህ ከዓመቱ ግማሽ በላይ የሚተኛ ፍጡር በ1998 በፌዴራሉ ሕግ ከለላ አገኘ። እሱ ይኖርበታል በሚባል ወንዝ ዳር መንገድ ልሥራ፣ ቤት ላቁም ያለ ሁሉ አስቀድሞ አይጡ አለ ወይስ የለም ብሎ ያስጠናል። እኔ ቀን ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ግን ባለቤቴ መጥረጊያ ይዛ ትመጣለች። እኔም አልተኛሁላትም፤ ጓዳ ውስጥ አይጥ ሰማሁ ስትል «ወጥመዱን ከማጥመድሽ በፊት ዘር ማንዘሩን አጣሪ» እላታለሁ።

ስለ ፌሬቱ ልንገራችሁ፤ ይኼኛውን እኔም ሰምቼ ለማመን ተቸግሬ ነበር። የሙጭልጭላ ዘመድ የሚመስል፣ እግሩ ጥቁር፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለው ትንሽ አውሬ ነው። አልቋል ተብሎ ተቆርጦ ሳለ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ የአንድ ገበሬ ውሻ አንዱን ገድሎ ቤት ይዞ መጣ። አዩ፣ ደነገጡ፣ ፈለጉ፣ አገኙ። በኋላ በሽታ ገባባቸውና የተረፉትን 18 ብቻ ይዘው ማራባት ጀመሩ። ማራቢያው ጣቢያ ዛሬ በሰሜን ኮሎራዶ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው ጉዱ። ዊላ የምትባል ሴት ፌሬት ሞታ ነበር፤ ሴሏን ግን ከ1988 ጀምሮ በቅዝቃዜ አስቀምጠውት ኖረዋል። ከዚያ ሴል በታኅሣሥ 2020 ልክ እሷኑ የመሰለች ኤልዛቤት አን ተወለደች፤ ያረገዘቻት የቤት ፌሬት ናት። ይህን ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ወዳጄ ብነግረው «ትንሣኤ ሙታን በመንግሥት በጀት ተጀመረ በለኛ!» ብሎ አማተበ።

ፌሬቱ ከሞላ ጎደል የሚበላው ፕሬሪ ዶግ የተባለውን ነው። ስሙ ውሻ ይበል እንጂ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ጩኸታም፣ ወፍራም የሜዳ እንስሳ ነው፤ ኦሮራ ውስጥ ባዶ መሬት ሁሉ የእሱ ነው። ታዲያ ፕሬሪ ዶግ በቸነፈር ያልቃል። እሱ ካለቀ ፌሬቱ ይራባል። ምን አደረጉ? የቸነፈር ክትባት በለውዝ ቅቤ ጣዕም ሠርተው ሜዳ ላይ በተኑለት! ይከተባል፣ በጤና ይደልባል፣ ከዚያ በፌሬት ይበላል። የሚያሳዝነኝ ለማን እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም። የኔ የደም ግፊት ክኒን ግን እንደመረረ ነው፤ ለውዝ ቀርቶ ስኳር የቀባልኝ የለም።

እነዚህን ፌሬቶች ከለቀቁባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ከዴንቨር በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ሮኪ ማውንቴን አርሰናል ነው። ታሪኩን ስሙ። በ1942 የመርዝ ጋዝ መሥሪያ ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ የተባይ መድኃኒት ተመረተበት፤ አፈሩም ውኃውም ተበከለ። በ1986 ግን ራሰ ነጩ ንስር ክረምት ክረምት እየመጣ እዚያ ዛፍ ላይ እንደሚያድር ታወቀ፤ በ1992 ቦታው በሕግ የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ጤና ያላስከበረውን መሬት የንስር ማደሪያ አስከበረው። የልጅ ልጄ በመኪና አዙሮ አሳይቶኛል። ጎሹ መንገዱን ዘግቶ ይቆማል፤ ጡሩንባ መንፋት አይቻልም፣ እሱ እስኪበቃው መጠበቅ ነው። አንዲት ትንሽ ጉጉት ያየሁትም እዚያ ነው። ፕሬሪ ዶግ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ አፍ ላይ በቀን በብርሃን፣ በሁለት ረጃጅም እግሮቿ ቀጥ ብላ እንደ ባንክ ዘበኛ ቆማለች። ወደ እኛ አየች፤ ጎንበስ ብላ ቀና አለች፤ እንደገና ጎንበስ ቀና። እጅ የነሳችኝ መስሎኝ እኔም አጸፋውን መለስሁ። ኋላ ስሰማ ስትሰጋ ነው እንዲያ የምታደርገው። እሷም የግዛቱ መዝገብ ውስጥ አለች። ልጆቿን በምታሳድግበት ወራት ጎጆዋን የነካ በሕግ ይጠየቃል፤ ለግንባታ መሬት መቆፈር የፈለገም ቀድሞ እሷ አለመኖሯን ያስጠናል። እኔ የምኖርበት ቤት ላይ ፎቅ ሲሠራ ግን ማለዳ ጀምሮ ነበር የሚደበደበው።

ከዚያው ግቢ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። በመላ አሜሪካ የሞተ ንስር ሁሉ እየታሸገ የሚላክበት ቤት ነው። ላባውና አካሉ ለነባር ሕዝቦች ለአምልኳቸው ይታደላል፤ ለዚያም ዓመታት የሚያስጠብቅ ወረፋ አለው። ሌላ ሰው የንስር ላባ ይዞ ከተገኘ ወንጀል ነው። የንስሩስ ይሁን፤ የተራ ወፍ ላባ ምን በወጣው? ሐይቅ ዳር ስዘዋወር ቆንጆ ላባ ወድቆ አገኘሁና ጆሮዬን ልኮረኩርበት ኪሴ ከተትሁት። ቤት ገብቼ ሳወጣው ልጄ ጮኸች። «አባዬ፣ ወንጀል ነው! ጣለው!» ምን ገደልሁ? ምን ሰረቅሁ? ወፉ ራሱ የጣለውን? የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ እንዲያ ይላል አሉ፤ ላባ የያዘ ሰው ወፉን ገድሎ ይሁን ከመሬት አንስቶ ማን ያውቃል ነው ምክንያቱ። አመክንዮው ገብቶኛል። ጆሮዬን ግን አሁንም ይበላኛል።

ይኸው ሕግ ነው ዝዮቹን ያጠገበብን። የካናዳ ዝይ እንዲያ በዝቶ ከሐይቁ ዳር ያለውን የእግር መንገድ እየተጸዳዳበት፣ ሰው ሲመጣ አንገቱን ዘርግቶ እየፎከረ ይጠብቃል። ሐኪሜ «ይራመዱ» ይለኛል፤ ዝዩ «አትራመድም» ይለኛል። ከሁለቱ ሕግ ያለው ዝዩ ነው። በቁጥር ከሆነ ዛሬ በዚያ ሐይቅ ዳር ሊጠፋ የተቃረበው እንደ እኔ ያለ የሰሜን ሽማግሌ ነው።

የዓሣውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ግሪንባክ የሚባል ትራውት አለ፤ በ1994 የኮሎራዶ ግዛት ዓሣ ተብሎ ተሾመ፤ ቀድሞ አልቋል ሲባል ተገኘ ተብሎ ለዓመታት ሲረባና ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ኖረ። በ2012 የዘር ምርመራ ሲደረግ ሲንከባከቡት የኖሩት ሌላ ዓሣ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ አንዲት ጅረት ውስጥ ብቻ ነበር። ሹመቱ አልተነሳም፤ ፍለጋው ግን ከሀ ተጀመረ። እኔ ስሜ አንድ ፊደል ተሳስቶ ስንት ቢሮ ተንከራተትሁ!

ይህን ሁሉ ስነጫነጭ ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ ታዲያ ይጥፉ ነው የምትለው?» አለችኝ። ጥያቄዋ አናደደኝ። ማን ይጥፉ አለ? አውሬን ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚህ ቤት ማን አለ? የኔ ንዴት ሌላ ነው። አውሬውን የሚወደው አንዱ ነው፤ የሚቀልበው ሌላው ነው። ወዳጁ ከተሜ፣ ቀላቢው ባላገር። ኮሎራዶዎች ይህን ደርሰውበታል። የተኩላ ሥዕል ያለበት የመኪና ታርጋ አውጥተው የሚወደው ሰው ትርፍ ከፍሎ ይገዛዋል፤ ገንዘቡም ተኩላውን ሳይገድሉ ከከብት ለማራቅ ይውላል። ልጄ ገዝታለች። እሑድ እሑድ ነጠላዬን ለብሼ፣ ኋላዬ ተኩላ ተለጥፎብኝ ነው ቤተ ክርስቲያን የምደርሰው። አባቶች ቢያዩኝ ምን ይላሉ ብዬ ተሳቅቄ ነበር፤ ለካ የአንዱ ቄስ ልጅም ገዝቷል።

እኔ የሰሜን ሰው ነኝ። ከደባርቅ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያደግሁት። ጭላዳ ገብስ ማሳ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይቸኩልም። ቆሞ አይበላም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ እየለቀመ፣ ከነቤተሰቡ ነው የሚያጭደው። ወንጭፍ ስትወነጭፍበት ቀና ብሎ ያይሃል። ላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳይሃል፤ ከዚያ ወደ ገደሉ ይወርዳል። አንተ ለምሳ ስትሄድ ይወጣል። አባቴ «የዘንድሮን አዝመራ እኩል ደርሰናል» ይል ነበር፤ እኩል ሲል ከጭላዳው ጋር ማለቱ ነው። ድንጋጤ በኪሎ፣ ገብስ በዶላር የሚያሰላልን ባለሙያ አልመጣም።

ሕግስ መጥቷል። ሰሜን በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በእኛ አቆጣጠር በ1999 ወጣ። ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም የለምና መጠበቁ ተገቢ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በማግሥቱ ዓመት ሰሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ደስ ይላል። ኮሎራዶ ላይ ተኩላ ለማስገባት ከብት አርቢውን ከቀዬው ያስነሱት ግን የለም፤ ቼክ ነው የላኩለት። ልዩነቷን አንድ ሰው ያስረዳኝ ብዬ ቡና ላይ ብጠይቅ ሁሉም ስኒውን አነሳ።

ደግሞ የኛው ተኩላ፣ ቀይ ቀበሮው! በመላ ኢትዮጵያ አዋቂው ከ500 አይበልጥም ይባላል። በግ ቢነካ አልፎ አልፎ ነው፤ ኑሮው አይጥና ፍልፈል ነው። የሚጨርሰው ጥይት ሳይሆን የገበሬው ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ ስንት ጊዜ ፈጀው። መፍትሔው ውሻውን መከተብ ነው፤ የሚከትቡም አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። አስቡት እንግዲህ፤ እዚህ ያለውን ተኩላ ለመመለስ ሄሊኮፕተር፣ አውሮፕላን፣ ምርጫና ፍርድ ቤት አስፈልጓል። የኛው ግን የትም አልሄደም፤ መርፌ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዲያስፖራው ለሠርግ ሊሙዚን የሚከራይበትን ግማሹን ቢያዋጣ የስንት ቀበሌ ውሻ ይከተባል! ይህን ስናገር ልጆች ስልካቸውን ያያሉ።

አሁን ደግሞ ወልቨሪን ሊመጣ ነው። ትንሽ ድብ የሚመስል፣ በረዶ ላይ የሚኖር፣ ቁጡ አውሬ ነው አሉ። በ2024 የኮሎራዶ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ ፈቀደ፤ የዚያን ጊዜ እንኳ እኛን አልጠየቁንም። ሕጉን ልጄ አንብባ ስትተረጉምልኝ አንድ ቦታ ላይ አስቆምኋት። «ድገሚው» አልኋት። አውሬው ከመለቀቁ በፊት፣ ከብት ቢያጠፋ ካሳ የሚከፈልበት ደንብ ይዘጋጅ ይላል። አውሬው ገና ካገሩ አልተነሳም፤ ካሳው ቀድሞታል!

ይህን ሰምቼ ቅዳሜ ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና የምንጠጣበት ቤት ገባሁና የሰሜንና የወገራ ሰዎችን ሰበሰብሁ። የጭላዳ ካሳ አዋጅ ማርቀቅ አለብን አልሁ። ተስማሙ። አንቀጽ አንድ፣ ጭላዳ ለበላው ገብስ በቁና ይከፈል የሚል ነው፤ አለ ክርክር አለፈ። አንቀጽ ሁለት ላይ አንዱ ተነሳና «ወደ ኋላ ሄዶ ይሥራ» አለ፤ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ማለቱ ነው። የቀድሞ የሒሳብ ሹም የነበረው ወዳጃችን የስልኩን ማስሊያ አውጥቶ ወለዱን ጭምር መደመር ጀመረ። ከወገራ የመጣው ደግሞ የእኛ ጭላዳ ከእናንተ ይበልጥ ይበላ ነበር ብሎ ድርሻው እንዲጨመርለት ጠየቀ። እኔ የእነሱ ማሳ ላይ የነበረው ጭላዳ ሳይሆን ዝንጀሮ ነው ብዬ ተቃወምሁ። ጮህን። አስተናጋጇ «አባቶቼ፣ ቀስ በሉ» አለች። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «አንቱ፣ ጭላዳው ከንፈሩን የሚገለብጠው ለካ እናንተን እያየ ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንቀጽ ሁለትን እንቀጥላለን፤ የገብሱን ዋጋ በደባርቅ ገበያ ይሁን በዴንቨር እስካሁን አልተስማማንም።